የስዊች ፖርቶችን በኢንቬንቶሪ ሶፍትዌር መመዝገብ፦ ማሽን የሚያውቀውና ሰው ብቻ የሚያውቀው

አንድ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሣጥን) ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ይሆናል፤ ከንብረት ክፍል ወደ አይቲ ክፍል ሲመጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ተረካቢው ይፈርማል። ለንብረት ክፍል ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘጋ። ለኔትወርክ ሠራተኛ ግን ገና መጀመሩ ነው። ያ ስዊች 24 ወይም 48 ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ፣ አለው፤ አንዱ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ አንዱ ወደ ካሜራ፣ አንዱ ወደ ፕሪንተር፣ ሌላው ደግሞ ድሮ ተቆርጦ ጣሪያ ውስጥ ወደቀረ ገመድ ይሄዳል። የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ሞዴል የለም።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ባለብዙ ፎቅ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉን። የስዊች ፖርቶቻችንን ጂኤልፒአይ በሚባለው የኢንቬንቶሪ ሶፍትዌር መዝግቦ መያዝ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። ከዚህ ሥራ ያገኘሁትን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለያዙ ባልደረቦቼ ነው። ሶፍትዌሩን ለመጫን መመሪያ ሞልቷል። የሚከብደው የፖርቱ መዝገብ ከስድስት ወር በኋላም እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው።

ይህን ሥራ ብዙ ሰው የሚፈልገው «ኔትወርክ ጠፋብኝ» የሚል ስልክ ሲደወል ገመድ ከመከተል ለመዳን ነው። ጥሩ ምክንያት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ጥቅም ግዥ ላይ የሚታየው ነው። የአንድ ፎቅ ስዊች «ሞልቷል» ይባልና አዲስ እንዲገዛ ጥያቄ ይቀርባል። ራኩን (ስዊቾቹ የተደረደሩበትን ቁም ሣጥን) ከፍቶ ለሚያይ ሰው እውነት ነው፤ ሁሉም ፖርት ላይ ገመድ ተሰክቷል። ከእነዚህ ገመዶች ውስጥ ሌላኛው ጫፋቸው ላይ የሚሠራ ዕቃ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው የሚለውን ግን ዓይን አይመልሰውም። ስዊች በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በሚገባበት አገር ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። መዝገቡ በትክክል የተያዘ እንደሆነ ለግዥ ኮሚቴው «እነዚህ ፖርቶች ላለፉት ሦስት ወራት ምንም አላዩም» ብሎ በወረቀት ማቅረብ ይቻላል።

ስለ ሶፍትዌሩ ጥቂት ልበል። ጂኤልፒአይ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ቀደም ሲል ኔትወርክ ላይ ያሉ ዕቃዎችን በራሱ ለማንበብ ፊውዥን ኢንቬንቶሪ የሚባል ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 10ኛው እትም ጀምሮ ግን ይህ አቅም በውስጡ አለ፣ የራሱም ኤጀንት (መረጃ ሰብሳቢ ፕሮግራም) አለው። ሌላው ስሙ የሚነሳ ኔትቦክስ ነው፤ ዲጂታልኦሽን በሚባል የክላውድ ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት ሆነ። የሁለቱ አስተሳሰብ ይለያያል። ኔትቦክስ ኔትወርኩ እንዴት መሆን እንዳለበት የሚጻፍበት መዝገብ ነው፤ ኬብልን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በፓች ፓነሉ (ከየክፍሉ የሚመጡ ገመዶች ራኩ ውስጥ በሚያርፉበት ሰሌዳ) የፊትና የኋላ ፖርት አልፎ፣ በዝርዝር ይይዛል። ጂኤልፒአይ ደግሞ ያየውን ይመዘግባል፤ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ስዊቹና የጥገና ጥያቄው አንድ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። የራሱ ዳታ ሴንተር ያለው ትልቅ ተቋም ውስጥ ብሠራ ኔትቦክስን እመርጥ ነበር። ቢሮ ለሚበዛበት፣ የአይቲ ሠራተኛው ለሚያንስበት ተቋም ግን ጂኤልፒአይ ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር በየትኛውም ሶፍትዌር ላይ ይሠራል።

ዋናው ነገር ይኸውና። ስለ አንድ ፖርት የምናውቀው ነገር ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ማሽኑ የሚያየው ነው፦ ፖርቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል፣ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ በየትኛው ቪላን (ኔትወርኩ በሶፍትዌር ከተከፈለባቸው ክፍሎች በአንዱ) ውስጥ ነው፣ የትኛው ማክ አድራሻ (የዕቃው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ይታይበታል። ሁለተኛው እኛ የወሰንነው ነው፦ ይህ ፖርት ለካሜራ ነው፣ ይህ የላይኛው ስዊች መገናኛ ነው፣ ይህ ለስብሰባ አዳራሽ የተያዘ ነው። ሦስተኛው ግድግዳው ውስጥ ያለው ነው፦ ከፓች ፓነሉ 17ኛ ቀዳዳ የወጣው ገመድ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሁለተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው የኔትወርክ ሶኬት ላይ ያበቃል። የመጀመሪያውን ሰው በእጁ ሊጽፈው አይገባም፤ ቢጽፈው ነገ ያረጃል። ሦስተኛውን የትኛውም ማሽን አያውቀውም፤ ፓች ፓነል መብራትም አእምሮም የለውም፣ ስዊቹን «እዚህ ነኝ» አይለውም። የተበላሹ የፖርት መዝገቦች ባየሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ምክንያቱ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ መደባለቃቸው ነበር፦ ማሽን የሚያነበውን ሰው ሲጽፈው፣ ሰው የጻፈውን ማሽን ሲደመስሰው።

ስለዚህ ከማሽኑ ክፍል ልጀምር። ኢንቬንቶሪው ስዊቹን የሚያነበው በኤስኤንኤምፒ፣ ማለትም የኔትወርክ ዕቃዎች ስለ ሁኔታቸው በሚጠየቁበት የጋራ ደንብ፣ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ነገር ቀድሞ መስተካከል አለበት። በስዊቹ ላይ የማንበብ መብት ብቻ ስጡ፣ የመጻፍ መብት አትስጡ። ስዊቹ የሚችል ከሆነ ሦስተኛውን የኤስኤንኤምፒ ስሪት በመለያና በምስጠራ ተጠቀሙ፤ ሁለተኛው ስሪት የይለፍ ቃሉን በግልጽ ነው የሚልከው። የቆየ ስዊች ሆኖ ሁለተኛውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ «ፐብሊክ» የሚለውን የፋብሪካ ቃል ቀይሩ፣ ከኢንቬንቶሪ ኤጀንቱ አይፒ አድራሻ በስተቀር ለማንም እንዳይመልስ ገድቡት። ፋየርዎል በመካከል ካለ ኤስኤንኤምፒ የሚያልፍበት ዩዲፒ 161 መከፈት አለበት።

ቀጥሎ የፖርቱ መታወቂያ ቁጥር አለ። ኤስኤንኤምፒ እያንዳንዱን ፖርት የሚጠራው ኢፍኢንዴክስ በሚባል ቁጥር ነው፤ ብዙ ሶፍትዌሮች የትናንቱን ፖርት ከዛሬው ጋር የሚያገናኙት በዚህ ቁጥር ነው። ችግሩ ቁጥሩ ስዊቹ ጠፍቶ ሲበራ፣ ሞጁል ሲጨመር ወይም ፈርምዌር (የስዊቹ የውስጥ ሶፍትዌር) ሲቀየር ሊቀየር መቻሉ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ስዊች ጠፍቶ መልሶ መብራቱ ብርቅ ስላልሆነ ይህ እኛን ከሌላው በበለጠ ይነካናል። በሲስኮ ስዊቾች ላይ ቁጥሩ እንዲጸና የሚያደርግ ትዕዛዝ አለ፤ በሌሎችም መመሪያውን ፈልጉ። ይህን ሳታደርጉ መመዝገብ ብትጀምሩ አንድ ቀን የ12ኛው ፖርት ታሪክ 14ኛው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሌላው፣ ኤስኤንኤምፒ ፖርት ብሎ የሚዘረዝረው ሁሉ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አይደለም። የቪላን ኢንተርፌስ አለ፣ ሉፕባክ አለ፣ ኑል አለ፣ ብዙ ፖርቶችን ያጣመረ ፖርት ቻናል አለ። 24 ፖርት ያለው ስዊች 40 መስመር ይዞ ሲመጣ አትደንግጡ። ሪፖርት ስታወጡ በዓይነቱ አጣሩት፤ ካልሆነ የነፃ ፖርቶች ቁጥር በሐሰት ይበዛል።

አሁን ወደ ብዙ ጊዜ ወደሚፈጀው ልግባ፦ ፖርቱ ላይ ያለው ዕቃ ማን ነው? ስዊች የሚያስታውሰው ማክ አድራሻን ነው። ትውስታውም አጭር ነው፤ በብዙ ስዊቾች ላይ ማንም ካልቀየረው ዕድሜው 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስዊቹ ያንን አድራሻ ረስቶታል። ስለዚህ ቅኝቱን (ስዊቹን የማንበቡን ሥራ) ሌሊት ማስኬድ ለሰርቨሩ ይመች ይሆናል እንጂ ለመዝገቡ አይጠቅምም፤ ሌሊት የሚታዩት ካሜራና ፕሪንተር ብቻ ናቸው። እኔ ሰው ቢሮው በሚገኝበት ሰዓት አደርገዋለሁ፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 9 ሰዓት። ሰርቨሩ ላይ 10፡30ና 15፡00 ተብለው እንደሚጻፉ ለአዲስ ሠራተኛ መንገር አይከፋም፤ የጠዋቱን ቅኝት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቦ 4፡30 ብሎ ያስገባ ሰው ሌሊት የተደረገ፣ የቢሮ ኮምፒውተር የማይታይበት ሪፖርት ያገኛል።

አንዳንድ የሲስኮ ስዊቾች ደግሞ የማክ ሰንጠረዣቸውን በአንድ ጥያቄ አይሰጡም፤ በእያንዳንዱ ቪላን ለየብቻ መጠየቅ ይፈልጋሉ። ፖርቶቹ ሁሉ ታይተው ማክ አድራሻ ግን ባዶ ከሆነ መጀመሪያ የምመረምረው ይህንን ነው።

በአንድ ፖርት ላይ አንድ ማክ አድራሻ ብቻ ሲታይ ሥራው አልቋል፤ ሶፍትዌሩ አድራሻውን ኮምፒውተሩ ላይ ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ ራሱ ያገናኘዋል። ጥበብ የሚጠይቀው ከአንድ በላይ ሲታይ ነው፤ እኔ በዚህ መንገድ እለያቸዋለሁ። ሁለት ማክ ታይተው አንደኛው በድምፅ ቪላን ውስጥ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ የኔትወርክ ስልክ አለ፤ ኮምፒውተሩ ከስልኩ ጀርባ ተሰክቷል። የማክ አድራሻው የመጀመሪያ ግማሽ የአምራቹን ማንነት ስለሚነግር ስልኩን ከኮምፒውተሩ መለየት አይከብድም። በአሥር፣ በመቶ የሚቆጠሩ ማኮች ከታዩ ፖርቱ ከሌላ ስዊች ጋር የሚገናኝ ትራንክ ነው፤ ይህንን በግልጽ ትራንክ ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። አለዚያ ሶፍትዌሩ የሌላ ፎቅ ኮምፒውተሮችን በሙሉ እዚህ ተሰክተዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ኤልኤልዲፒ (የኔትወርክ ዕቃዎች ለጎረቤታቸው ማንነታቸውን የሚናገሩበት ደንብ) በስዊቾች መካከል ከበራ ግን ስዊቾቹ እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ ትራንኩን ሶፍትዌሩ ራሱ ይለየዋል፤ በኔትወርካችሁ ውስጥ ሁሉም ስዊች የአንድ ኩባንያ ካልሆነ የሲስኮ ከሆነው ከሲዲፒ ይልቅ ኤልኤልዲፒን አብሩ፣ የጋራ ደረጃ ነው።

አራት ወይም አምስት ማክ፣ ሁሉም የተራ ኮምፒውተር፣ በአንድ የቢሮ ፖርት ላይ ካየሁ ደግሞ ተነሥቼ ወደዚያ ቢሮ እሄዳለሁ። ጠረጴዛ ሥር ከመርካቶ የተገዛች አምስት ፖርት ያላት ትንሽ ስዊች አለች ማለት ነው። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ ክፍሉ ለሁለት ሰው ታስቦ ተሠርቶ ስድስት ሰው ገብቶበታል፣ ሶኬት አይበቃቸውም። መዝገቡ ላይ ግን መኖሯ መጻፍ አለበት። ጂኤልፒአይ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ያልታወቀ መካከለኛ ዕቃ ይፈጥርና ኮምፒውተሮቹን ከእሱ ጋር ያያይዛል፤ እኔ ያንን ዕቃ ወደ ትክክለኛ ስም እቀይረዋለሁ፣ ክፍሉንም እጽፍበታለሁ። እነዚህ ትንንሽ ስዊቾች ሲዘረዘሩ ደግሞ አዲስ የገመድ ዝርጋታ የት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ የተሟላ ማስረጃ ይሆናሉ።

ዋይፋይ ያለበት ፖርት ላይ የሚታዩትን ማኮች አትከተሉ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች በነባሪነት እውነተኛውን አድራሻቸውን ለዋይፋይ አይሰጡም፤ የፈጠሩትን ይሰጣሉ። መለያው ቀላል ነው፦ የአድራሻው ሁለተኛ ፊደል ወይም አኃዝ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የተሰጠ አይደለም። ያንን ሁሉ ወደ ኢንቬንቶሪ ካስገባችሁ የሌሉ ዕቃዎች ይሞላችኋል።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የኔትወርክ ቀዳዳ የሌላቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች። ሠራተኛው በዩኤስቢ አስማሚ ወይም በዶክ ይሰካል፤ ስዊቹ የሚያየው የአስማሚውን ማክ ነው። አስማሚው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መዝገቡ አንዱን ላፕቶፕ በሌላው ይተካል። የእነዚህን አስማሚዎች አድራሻ ጂኤልፒአይ ውስጥ ወዳለው የማይታመኑ አድራሻዎች ዝርዝር አስገቡ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሌላም ጥቅም አለ፦ በየሱቁ የሚገጣጠሙ ዴስክቶፖች ሲሪያል ቁጥራቸው ባዶ ነው፣ ወይም «ቱ ቢ ፊልድ ባይ ኦኢኤም» የሚል ያልተሞላ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። ያ ጽሑፍ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ እንደ ሲሪያል ከተቆጠረ በርካታ ኮምፒውተሮች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ፣ አንዱ ኮምፒውተርም በአንድ ቀን በተለያዩ ፖርቶች ላይ ሲዘል ይታያል። ፖርት ላይ የሚዘል ኮምፒውተር ካያችሁ ጥፋቱን ስዊቹ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ሲሪያሉን እዩ።

የማሽኑ ክፍል ይህን ያህል ነው። ግድግዳውን የሚያውቀው ሰው ነውና አሁን ወደ እግር ሥራ።

መጀመሪያ ለሶኬቶች ስም ስጡ። ስሙ የቦታውን አድራሻ ብቻ ይያዝ፦ ፎቅ፣ ራክ፣ የፓነል ቁጥር፣ የቀዳዳ ቁጥር። ለምሳሌ «3-ሀ-2-17» ማለት ሦስተኛ ፎቅ፣ ራክ ሀ፣ ሁለተኛው ፓች ፓነል፣ 17ኛ ቀዳዳ። «የአቶ እገሌ»፣ «የጸሐፊዋ» ብላችሁ አትሰይሙ። ሰው ክፍል ይቀይራል፣ ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ሶኬቱ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ክፍሎች እንኳ ስም ይቀይራሉ፤ ትናንት የዕቅድ መምሪያ የነበረው ዛሬ ዳይሬክቶሬት ነው። የሰውየውን ስም ከኮምፒውተሩ ጋር እሰሩት፤ ፖርቱ ወደ ሶኬቱ፣ ሶኬቱ ወደ ክፍሉ፣ ማክ አድራሻው ወደ ኮምፒውተሩ፣ ኮምፒውተሩ ወደ ሰውየው ይመራል። ሰውየው ሲዛወር የሚቀየረው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ይህንኑ የሶኬት ስም ስዊቹ ላይ ባለው የፖርት መግለጫ ውስጥ ጻፉት፣ ግድግዳው ላይም ፓነሉ ላይም ለጥፉት። መግለጫውን ኢንቬንቶሪው በኤስኤንኤምፒ ስለሚያነበው ስዊቹ ላይ የተጻፈውና መዝገቡ ላይ ያለው መለያየታቸው በሪፖርት ይታወቃል። ጂኤልፒአይ ሶኬቶችን አንድ በአንድ እንድትፈጥሩ አያስገድድም፤ ከ1 እስከ 24 ብላችሁ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል። ቀድሞ በኤክሴል የተያዘ ዝርዝር ካላችሁ ደግሞ ዳታ ኢንጀክሽን የሚባለው ፕለጊን ይረዳል፤ ብቻ ከማስገባታችሁ በፊት ኤክሴሉን መሬት ላይ ካለው ጋር አመሳክሩት።

ገመዱ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ድምፅ በሚልክ የገመድ መፈለጊያ መጠቀም የተለመደ ነው። እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው፦ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ኤልኤልዲፒዲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ ሶኬቱ ላይ መሰካት። ስዊቹ ኤልኤልዲፒ መልእክቱን በነባሪነት በየ30 ሰከንዱ ስለሚልክ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ የስዊቹ ስምና የፖርቱ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሁለት ሰው በስልክ «አሁንስ? አሁንስ?» መባባል አያስፈልግም፣ የሚሠራ ሰው ገመድም ራኩ ላይ አይነቀልም። በተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ኤልኤልዲፒን ለቆጠራው ጊዜ ብቻ አብሩት፤ ስለ ስዊቹ የሚናገረው ብዙ ስለሆነ ሁልጊዜ ክፍት አይተው። ሶኬቱ ምንም ካልመለሰ ብዙውን ጊዜ ወይ ፓነሉ ላይ ወደ ስዊች አልተሰካም፣ ወይ ገመዱ ተበላሽቷል፤ ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ፣ አንዱ ነፃ ሀብት ነው፣ ሌላው ጥገና ነው።

ክፍል ለክፍል ስትዞሩ ሠራተኞቹን ጠይቁ። በእኛ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወላጅ የሚሆኑ ሰው ናቸው። መደርደሪያ በመደርደሪያ የሆነውን ክፍላቸውን ሳይ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ድሮ የስብሰባ አዳራሽ ነበር፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ሦስት ሶኬት አለ» አሉኝ። «እንዴት ሊያውቁ ቻሉ እናቴ?» ስላቸው «ሲሠሩት እዚሁ ነበርኩ» ብለው ቦታውን በእጃቸው ጠቆሙኝ። ሦስቱም ነበሩ፤ ሦስቱም እስከ ራኩ ድረስ ደኅና ገመድ ነበራቸው፣ ፓነሉ ላይም ወደ ስዊች ተሰክተው ፖርት ይዘው ነበር። የትኛውም ቅኝት እነዚህን ሊያገኝ አይችልም ነበር። ከሕንፃው ጋር የቆየ ሰው፣ የጥበቃና የጥገና ሠራተኛም ጭምር፣ የኔትወርኩን ካርታ ግማሽ በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ጠይቁት።

ነፃ ፖርትን በተመለከተ፣ «ጠፍቷል» የሚለው ሁለት ነገር ነው። ኤስኤንኤምፒ አስተዳዳሪው የወሰነውንና በተግባር ያለውን ሁኔታ ለየብቻ ይነግራል። አስተዳዳሪው የዘጋው ፖርት ተወስኖበታል፤ ክፍት ሆኖ ሌላኛው ጫፉ ላይ ዕቃ የሌለው ደግሞ ገና ውሳኔ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዓይነት ነው ዝርዝሩ መውጣት ያለበት። ስዊቹ ፖርቱ ሁኔታውን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየረበትን ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚቆጥረው ራሱ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይጠፋል። ዩፒኤስ በሌለው ራክ ላይ በዚህ ቁጥር አትመኑ። በእያንዳንዱ ቅኝት፣ ፖርቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ላይ የታየበት ቀን መዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከሦስት ወር በላይ ያልታየ ፖርት ለውይይት ይቅረብ እንጂ ወዲያው አይነቀል። የሥልጠና ክፍልና አዳራሽ ወራት ዝም ብለው በአንድ ሳምንት ይሞላሉ። በሰኔ፣ በበጀት መዝጊያ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ኮምፒውተር ይገባል። ለዚህ ነው «የወሰንነው» የሚለው መስክ የሚያስፈልገው፦ ለአዳራሽ የተያዘ ፖርት ባዶ ቢሆንም ነፃ አይደለም።

ለካሜራና ለስልክ መብራት የሚሰጡ ስዊቾች ካሏችሁ የፖርት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ዋቱንም መዝግቡ። የመጀመሪያው ደረጃ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ ቀጣዩ እስከ 30 ዋት ይሰጣል። 370 ዋት ያለው ባለ 24 ፖርት ስዊች የመጀመሪያውን ደረጃ በሁሉም ፖርት ይሸከማል፤ ሁለተኛውን በሙሉ አቅም የሚጠይቁ ዕቃዎች ከተሰኩበት ግን በ12 ይቆማል።

ስዊች ሲቃጠል መዝገቡ የሚፈተንበት ቀን ነው። አሮጌውን ስዊች መዝገብ ላይ ስሙንና ሲሪያሉን ብቻ ቀይሮ ለአዲሱ መጠቀም ያጓጓል፤ አታድርጉት። አሮጌው እስኪወገድ ድረስ በንብረት ክፍል ስም አለው፣ የማስወገድ ኮሚቴ በሲሪያሉ ይጠይቃል። ለአዲሱ አዲስ መዝገብ ክፈቱ፤ ሶኬቶቹን ከአሮጌው ፖርቶች አንሥታችሁ ወደ አዲሱ አዛውሩ። የፖርትና የሶኬት ዝርዝር ታትሞ ራኩ በር ላይ ከተለጠፈ የሚቀይረው ባለሙያ ማንንም ሳይጠይቅ በዝርዝሩ ይሰካል። ዝርዝሩ ወረቀት ላይ መኖሩ ግድ ነው፤ ስዊቹ በወደቀበት ሰዓት ኢንቬንቶሪው ራሱ ላይከፈት ይችላል።

ማሽኑና ሰው ሲጋጩ ምን ይደረግ? ጂኤልፒአይ በራሱ ባነበበው ዕቃ ላይ አንድን መስክ በእጃችሁ ስትቀይሩ ያንን መስክ ይቆልፈዋል፤ ቀጣዩ ቅኝት አይደመስሰውም። ይህ ለቦታና ለዓላማ መስኮች መልካም ነው። ለማክ፣ ለፍጥነትና ለፖርት ሁኔታ ግን ጎጂ ነው፤ ተቆልፎ የቀረ መስክ ለዘለዓለም ያረጀ ነገር ይናገራል። በየጊዜው የተቆለፉትን ዝርዝር አውጥቼ በማሽኑ ወገን ያሉትን እከፍታለሁ። የስዊቹ መግለጫ «3-ሀ-2-17» እያለ መዝገቡ «3-ሀ-2-18» ካለ ደግሞ አንዱን በሌላው አልተካም፤ ራኩ ድረስ ሄጄ አያለሁ። አንድ ሰው ገመድ አንቀሳቅሷል፣ ለምን እንዳንቀሳቀሰም ማወቅ አለብኝ። ከዚህ የመጣው የቤታችን ደንብ አጭር ነው፦ የጥገና ጥያቄ ሳይከፈትና ከስዊቹ ጋር ሳይያያዝ ፓች ገመድ አይነካም። አለቃም ቢያዝ፣ ቸኩሎም ቢሆን፣ መጀመሪያ ጥያቄው ይከፈት፤ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይህ መዝገብ የሕንፃችሁን የውስጥ ካርታ ይዟልና የማየት መብቱን ለሚያስፈልገው ብቻ ስጡ። ማክ አድራሻ በቀላሉ ስለሚቀየርም ኢንቬንቶሪው ላይ ታየ ማለት የተፈቀደለት ነው ማለት አይደለም፤ ለዚያ 802.1ኤክስ የሚባል፣ ወደ ኔትወርክ የሚገባውን ዕቃ ፈቃድ የሚያረጋግጥ ደንብ አለ፣ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፦ አንድ ራክ ምረጡ፣ ብዙ ጥሪ የሚመጣበትን ፎቅ። ስዊቹ በኤስኤንኤምፒ እንዲነበብ አድርጉ፣ ትራንኮቹን ለዩ፣ ከዚያ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሶኬቶቹን ዙሩ። ያ ፎቅ ሳይጠናቀቅ ወደ ሌላው አትለፉ። በቅርንጫፎች ያሉ፣ ኤስኤንኤምፒ የማያውቁ ርካሽ ስዊቾችንም አትተዉ፤ በእጅ አስገቡ፣ የፖርት ብዛታቸውንና እያንዳንዱ የሚሄድበትን ክፍል ብቻ ጻፉ፣ የማክና የሁኔታ መስኩን ባዶ ተዉት። የቅርንጫፉ ሰው ስልክ ሲደውል «ግራ በኩል ከዳር ሁለተኛውን ገመድ እይልኝ» ለማለት ያ ይበቃል።